አምስተኛው አጥቂ

ኩታበር፣ እናቴ ቤት፣ ከአልጋ ሥር የሚቀመጥ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አለ። የእኔ የሆነ ነገር ሁሉ የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። የስምንተኛ ክፍል ካርዴ፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ የእጅ ሰዓት፣ ከኮሌጅ የላክኋቸው ደብዳቤዎች፣ ቀለሙ የደረቀ እስክሪብቶ ሳይቀር አለ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ የተጻፈ ነገር ግን አትጥልም። «ወረቀት የሰው ምስክር ነው፣ አይጣልም» ትላለች።

በቀደም ለጥምቀት አገር ቤት ሄጄ ነበር። ኩታበር ከደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። በዓሉ አልፎ ጥር 13 ቀን ጧት፣ እናቴ ቡና ስትቆላ፣ ሣጥኑን ጎትቼ አወጣሁና እንደ ልማዴ መበርበር ጀመርኩ። ከሥር አንድ ደብተር ወጣ። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰችው። ሽፋኑ ላይ በራሴ እጅ ጽሕፈት «የእግር ኳስ ቡድን ቃለ ጉባኤ» ይላል።

አንድ ነገር ላስቀድም። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ተጫዋች አልነበርኩም። እግሬ ለኳስ አልተፈጠረም። ጽሕፈቴ ግን ያምር ስለነበር የቡድኑ ጸሐፊ አደረጉኝ። እንግዲህ በእኛ አገር ጽሕፈቱ ያማረ ሰው ዕጣው ይኸው ነው፤ ከዕድር ጀምሮ እስከ ስብሰባ ድረስ ቃለ ጉባኤ ያዥ ይሆናል። የኮሌጁን ስም አልጠራም። ለነገሩ ቢጠራም ባይጠራም ለውጥ የለውም፤ በዚያ ዘመን ሁሉም ቤት ያው ነበር።

ገጹን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ግንቦት 1989 ዓ.ም. ላይ ደረስኩ። የተገኙ አባላት፣ ያልተገኙ አባላት፣ አጀንዳ። «1ኛ/ የእሑዱን ጨዋታ በተመለከተ የአጥቂ መስመራችንን መገምገም። 2ኛ/ ልዩ ልዩ።» እሑድ ዕለት 1 ለ 0 ተሸንፈን ነበር። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ቀኝ ክንፍ፦ ጥሩ ሙከራ አድርጓል። መሐል አጥቂ፦ ሁለት ጊዜ ስቷል፣ ሆኖም ተነሳሽነት አለው። ግራ ክንፍ፦ ምንም አልሠራም።»

ምንም አልሠራም። ሁለት ቃል። ያማረ ጽሕፈት።

ግራ ክንፉ የአገሬ ልጅ ነበር። ኩታበር ዳገቱ ላይ የጨርቅ ኳስ እያሯሯጥን አብረን ያደግን። ሩጫው የፈረስ ስለሆነ «ሽምጥ» ነበር የምንለው። ስሙን ለመደበቅ እዚህም ሽምጥ ልበለው።

የዚያን ዘመን ሰው ግምገማ ምን እንደነበር አይነገረውም፤ ያውቀዋል። ነገሩ የቆየ ነው። በተማሪው ንቅናቄ ጊዜ «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበር፤ ከግራው ዓለም መጻሕፍት ጋር አብሮ የገባ ልማድ ነው። በደርግ ዘመንም ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ ከበረሃ የመጡት ታጋዮች ግምገማን ይዘው ከተማ ገቡ። ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱም፣ ቀበሌውም፣ ትምህርት ቤቱም ይገማገም ጀመር። የእኛ ኳስ ቡድን ለምን ይቅርበት?

ልብ አድርጉልኝ፣ ግምገማን ለመስደብ አልተነሳሁም። ሰው ሥራውን መለስ ብሎ ካላየ በምን ያሻሽላል? የእኛ ግምገማ ግን መለስ ብሎ የሚያይ አልነበረም፤ የሚፈልግ ነበር። የሚፈልገው ደግሞ ምክንያት ሳይሆን ሰው ነው። ሰውየው እስኪገኝ ስብሰባው አያልቅም። ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሁሉም ቀለል ይለዋል።

በዚያ ማታ አንዱ እጁን አወጣና «እኔ እንደማየው ችግሩ ያለው ግራ መስመራችን ላይ ነው» አለ። ሁለተኛው «የቀደመውን ተናጋሪ ሐሳብ እደግፋለሁ» አለ። ሦስተኛው «ልጁ ዲሲፕሊን ይጎድለዋል» አለ፤ ዲሲፕሊን ከኳስ ጋር ምን እንዳገናኘው ማንም አልጠየቀም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል የሚባለው? በመጨረሻ ሽምጥ ግለ ሂስ እንዲያደርግ ተጠየቀ። ተነሣ። «ጥፋቴን አምናለሁ» ብሎ ተቀመጠ። እኔም ጻፍኩ፦ «ግለ ሂሱ ጥልቀት ይጎድለዋል።»

በማግስቱ ልምምድ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። እዚያ ኮሌጅ ሁለተኛ ኳስ አልነካም።

ደብተሩን ይዤ ቡናው አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀኑ ጥር 13 መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ይህን ቀን ኳስ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ሊረሳው አይገባም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እሑድ ዕለት፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ቀን ነው። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እስቲ፣ አልኩ ለራሴ፣ የእኛ ኮሌጅ ገምጋሚዎች ያን ቡድን ቢይዙት ኖሮ ምን ያደርጉት ነበር?

መጀመሪያ ከዚያ በፊት የነበረውን እንይ። የአፍሪካ ዋንጫ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ሲጀመር ኢትዮጵያ ከመሥራቾቹ አንዷ ነበረች። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ከውድድሩ ስለቀረች እኛ ሳንጫወት በቀጥታ ለፍጻሜ አለፍን። ፍጻሜው ላይ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው ነበር፣ አድ ዲባ የሚሉት። በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ ሦስት አገር ብቻ ተወዳደረ፤ በግብፅ 4 ለ 0፣ በሱዳን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ደምሩት። ሁለት ውድድር፣ ሦስት ጨዋታ፣ ዘጠኝ ጎል ገባብን፤ ያገባነው ዜሮ። አንድም ጎል የለም።

ይኼ ለግምገማ የተመቸ ነው። አጀንዳ 1ኛ፣ የአጥቂ መስመራችን ድክመት። አንድ ሰው ተፈልጎ ይገኛል፣ ይነሣል፣ ጥፋቱን ያምናል፣ ይባረራል። ሁሉም ቀለል ይለዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። ጥር 6 ቀን 1954 ቱኒዚያን 4 ለ 2። ጥር 13 ቀን ግብፅን (በዚያን ጊዜ ስሟ የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክ ነበር) በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2። በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል! ከዜሮ ወደ ስምንት። ቡድኑን የመራው አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበር፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማልያ ለዓመታት የተጫወተ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 እስኪያርፍ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመራው።

በዚያ ዘመን አሰላለፍ ሲጻፍ እንደ ዛሬው አራት ሁለት ሦስት አንድ ምናምን የለም። አንድ በረኛ፣ ሁለት ፉልባክ፣ ሦስት ሃፍባክ፣ አምስት ፎርዋርድ ነው። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም። ከፊቱ ክፍሎም አርአያና አስመላሽ በርሄ። ቀጥሎ በርሄ ጎይቶም፣ አዋድ መሐመድ፣ ተስፋዬ ገብረመድኅን። ፊት ያሉት አምስቱ ደግሞ ግርማ ተክሌ፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ እና ጌታቸው ወልዴ።

ጨዋታው ቀላል አልነበረም። ግብፆች የሁለቱም የቀደሙት ዋንጫዎች ባለቤቶች ናቸው። በ35ኛው ደቂቃ ባዳዊ አገባ። እኛ እስከ 74ኛው ደቂቃ ስንታገል ቆየን፤ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ጩኸቱን ሳይጨርስ፣ በደቂቃው፣ ያው ባዳዊ እንደገና አገባ። እስቲ አስቡት፤ 39 ደቂቃ የለፉበትን በአንድ ደቂቃ መነጠቅ። ሌላ ቡድን ቢሆን እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ስድስት ደቂቃ ሲቀር፣ በ84ኛው፣ ሉቺያኖ አቻ አደረገ። ተጨማሪ ሰዓት። በ101ኛው ኢታሎ፣ በ117ኛው መንግሥቱ። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ።

አሁን ወደ ግምገማው እንምጣ። ግርማ፦ አንድ ጎል። ሉቺያኖ፦ አንድ ጎል። ኢታሎ፦ አንድ ጎል። መንግሥቱ፦ አንድ ጎል። ጌታቸው ወልዴ፦ ...

አያችሁ? አምስተኛው ሰው ላይ ስንደርስ እስክሪብቶው ይቆማል። ከቱኒዚያ ጋር ከገቡት አራት ጎሎችም ሁለቱ የመንግሥቱ ናቸው፤ ሉቺያኖና ግርማ አንድ አንድ አላቸው። በሁለቱ ጨዋታ ከገቡት ስምንት ጎሎች አንዱም የአምስተኛው አጥቂ አይደለም። የእኛ ኮሌጅ ጸሐፊ፣ ማለትም እኔ፣ በዚያ ስብሰባ ላይ ብቀመጥ ምን ብዬ እንደምጽፍ አውቀዋለሁ። «ምንም አልሠራም።» የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነን ሰው!

የጎል መዝገብ አይፈረድበትም፤ የተሠራው ጎል ለመቁጠር ነው። ጥፋቱ ያለው በጎል መዝገብ ሰው መቁጠር የጀመርን ጊዜ ነው። ፍጻሜውን እንደ ሰው ሥራ ካየነው ሌላ ነገር ይታያል። የግብፅን የሁለት ፍጻሜ ጎሎች ቁጠሩ፤ በ1949 አራት፣ በ1954 ሁለት። ስድስቱንም ያገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው። የእኛን አራት ጎሎች ግን አራት ሰዎች አገቧቸው። ይኼ ማለት ተከላካዩ ማንን እንደሚይዝ አያውቅም ማለት ነው። አንዱን ሲይዝ ሌላው ይለቀቃል። እንዲህ የሚሆነው ደግሞ አምስቱም የሚያሰጉ ሲሆኑ ብቻ ነው። ክንፍ ላይ የቆመ ሰው ኳስ ባይደርሰውም እንኳ አንድ ተከላካይ ከመሐል ነጥሎ ወደ ዳር ይወስዳል። ለ120 ደቂቃ፣ ያውም ተጫዋች መቀየር ባልተለመደበት ዘመን፣ አንድ የግብፅ ተከላካይ ጌታቸውን ትቶ ወደ መሐል ሮጦ መንግሥቱን ሊያግዝ አልቻለም። ይህ በየትኛው ዓምድ ይጻፋል?

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጽፉ ሰዎች መኖራቸውን የሰማሁት ከእህቴ ልጅ ነው። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ነው የሚኖረው። እዚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጨዋታ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ስታዲየም ገብቶ ያየዋል። ኳሳቸው እንቁላል ቅርጽ አለው፤ «ፉትቦል» ይሉታል እንጂ አብዛኛው በእጅ ነው። በዚያ ጨዋታ በአጥቂው ቡድን ፊት አምስት ግዙፍ ሰዎች ይሰለፋሉ። መሐለኛው ኳሱን ወደ ኋላ አቀብሎ ያስጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አምስቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ የሚመጣባቸውን በደረታቸው ማቆም። ኳስ አያገቡም። በተለምዶው ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቅለብ እንኳ አይፈቀድላቸውም። ከኋላቸው ያለው ኳስ ወርዋሪ ቆሞ የሚያስብባትን ሁለት ሦስት ሰኮንድ መስጠት ነው ሥራቸው።

«ጋሼ» አለኝ የእህቴ ልጅ በስልክ፣ «እነዚህ ሰዎች እኮ ስማቸው አይጠራም። የሚጠሩት ሲያጠፉ ብቻ ነው። ዳኛው በማይክሮፎን ቁጥራቸውን ይናገራል፣ መቶ ሺህ ሰው ይሰማል።»

«ታዲያ በምን ይገመገማሉ?» አልኩት።

ነገረኝ። ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙ ፊልሙን ያስከፍታል። እያንዳንዷ እንቅስቃሴ ለብቻዋ ትታያለች። ለእያንዳንዱ ሰው፣ በእያንዳንዷ እንቅስቃሴ፣ የታዘዘውን ሠርቷል ወይስ አልሠራም ተብሎ ነጥብ ይሰጣል። ጎል ገባ አልገባ አይደለም ጥያቄው። አንተ የታዘዝከው ምን ነበር? አደረግኸው? ካላደረግኸው ምን አገደህ? ቡድኑ ተሸንፎ አንድ ሰው ከፍ ያለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ቡድኑ አሸንፎ ደግሞ አንድ ሰው ጀርባውን ሊነገረው ይችላል።

እኔ አሜሪካ ሁሉን ያውቃል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ይህችን ነገር ግን ሳልወዳት አላለፍኩም። ልዩነቷ የምትጀምረው ከጥያቄዋ ነው።

እኛ አገር ጥያቄው እንዴት እንደሆነ ለማየት ሌላ ጥር 13 እነሆ። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከዚያ ድል በኋላ ልክ በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ ኢትዮጵያ ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሳ የመጀመሪያ ጨዋታዋን አደረገች። ቦታው ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሩት፤ ተጋጣሚዋ የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው። ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አልብሰውት የነበሩት በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ሳላሀዲን ሰዒድ ፍጹም ቅጣት ምት መታ፤ በረኛው ሙዊኔ መለሰበት። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በአሥር ሰው ቀረን። እረፍት ሊወጡ ሲሉ ምቤሱማ አገባብን። በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። በአሥር ሰው፣ ከሻምፒዮኑ ጋር፣ 1 ለ 1።

እኔ ጨዋታውን ያየሁት አዲስ አበባ አንድ ካፌ ውስጥ ነው። ሰው ተቃቅፎ አለቀሰ። ሻይ ከነብርጭቆው ተደፋ። ግን ገና ከካፌው ሳንወጣ ግምገማው ተጀመረ። «ሳላሀዲን ባይስት ኖሮ...» ለነገሩ ሳላሀዲን ማን ነው? ከሦስት ወር በፊት፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ አዲስ አበባ ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈን ከውጭ ሜዳ ባገባነው ጎል ስናልፍ፣ ከሁለቱ ጎል አንዱን ያገባው ነው። ሌላኛውን ያገባው አዳነ ነው። በጥቅምት በጫንቃችን የተሸከምነውን በጥር አወረድነው።

ከዚያ ወዲያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፍን። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል። አነሰች? በ1974 ሊቢያ ላይ በሦስት ጨዋታ አንድም አላገባንም። አዳነ ያገባት ጎል ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ ዋንጫ ያገባናት የመጀመሪያዋ ናት፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት። በ2014 ካሜሩን ላይም በሦስት ጨዋታ ሁለት አገባን፤ ዳዋ ሆቴሳ በባለሜዳዋ በካሜሩን ላይ፣ ጌታነህ ከበደ በቡርኪና ፋሶ ላይ። ሁለቱንም ጊዜ ከምድባችን አላለፍንም። «አጥቂ የለንም» ይባላል። ይሁን። ግን ለአጥቂው ኳስ የሚያደርስለት ማን ነው? ልጁ በአሥራ ሁለት ዓመቱ የሚጫወትበት ሜዳ የት አለ? እነዚህ ጥያቄዎች ሰው አያስነሡም፣ ጥፋት አያሳምኑም። ስለዚህ አጀንዳ አይሆኑም። ምናልባት «ልዩ ልዩ» ላይ።

ይህን ሁሉ ሳስብ ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ደብተሩን ኪሴ ከተትኩና ወደ አመሻሹ ወጣሁ።

ሽምጥ አገር ቤት ነው። ከኮሌጅ እንደወጣ ወደ መካነ ሰላም ተመድቦ ለዓመታት አስተማረ፤ በኋላ ዝውውር አግኝቶ ኩታበር ገባ። ሜዳው ላይ አገኘሁት። ሜዳ ስል ያው ዳገት ነው፤ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ በር ታች። ልጆቹ ተጫውተው ጨርሰው እርከኑ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ላባቸው በብርዱ ጢስ ይመስላል። እሱ ፊታቸው ቆሟል።

«አንተ» አለው አንዱን ብላቴና፣ «ዛሬ ለማን መንገድ ከፈትክ?»

«ለከማል፣ ቲቸር። ወደዚያ ስሮጥ ያ ረጅሙ ተከተለኝ።»

«ጎበዝ። አንተስ?»

እንዲህ እያለ ሁሉንም ጠየቀ። ስንት ለስንት እንደወጡ እስካሁን አላውቅም።

ልጆቹ ሲበተኑ አየኝ። «ጸሐፊው! መቼ መጣህ?» ብሎ አቀፈኝ። ያን ቀን በቀጥታ ባልሰጠው አልሰጠውም ብዬ ደብተሩን አውጥቼ ገጹን አሳየሁት። መነጽሩን ከኪሱ አወጣ። አነበበ። ዝም አለ። እንደገና አነበበ።

«ጽሕፈትህ ያምር ነበር እኮ» አለኝ።

ምን ልበል?

«ያን እሑድ ቅዳሜውን ሲዘንብ አድሮ ነበር» አለ ቆይቶ። «የበልጉ ዝናብ። የሜዳው ግራ ጎን ውሃ ይዞ ነበር፣ ትዝ ይልሃል? መምህሩ ከጨዋታው በፊት ሰብስቦን ኳስ በግራ እንዳይሄድ አለ። እኔን 'ዳሩን ይዘህ ቁም፣ ሰውህን ወደ ውሃው ሳብ' አለኝ። ዘጠና ደቂቃ ውሃ ውስጥ ቆምኩ።»

ትዝ አለኝ። እውነት ነው፣ ውሃ ነበር። የሽምጥ ማልያ እስከ ደረቱ ጭቃ እንደነበር ሁሉ ትዝ አለኝ። ሁላችንም አይተናል። መምህሩም እዚያው ስብሰባ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ባለው ገጽ 3 ለ 1 ያሸነፍነው ጨዋታም ተጽፏል፤ ሁለቱን ኳስ ከግራ ያሻገረው ማን እንደነበር አሁን አስታወስኩ። እኔ የጻፍኩት ያገቡትን ብቻ ነው።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ፣ ያለ ቁጣ። «'ጥፋትህን እመን' ነው ያላችሁኝ። 'ምን ነበር?' ያለኝ የለም።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አብሽር» አለ። «ልጆች ነበርን። ና፣ ቤት ገብተን ቡና ጠጣ፣ ብርዱ ሊገለን ነው።»

ቡናውን ጠጥተን ብዙ አወራን። ስለ 1954ቱ ቡድን ነገርኩት። አራቱን ያውቃቸዋል። አምስተኛውን ስነግረው ጣቱን አንሥቶ «እሱ ክንፍ ነበር?» አለ። አዎ ስለው ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ምንም አላለም።

ከእነዚያ ሰዎች መንግሥቱ ወርቁ በ2003 አረፈ። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ2015 መስከረም ሮም ላይ አረፈ። ስማቸው ይነሣል፣ ሊነሣም ይገባዋል። እኔ የምለው ስማቸውን ስንጠራ አምስት ብለን እንቁጠር ነው። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤቱም ዳር ይዞ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው አለ። ዓመቱ ሲያልቅ በፎርሙ ላይ ጎል የለውም። እሱን ከመገምገማችን በፊት ምን ታዝዞ እንደነበር እንጠይቀው። ምናልባት እውነትም ምንም አልሠራ ይሆናል፤ እንዲህ ያለም አለ፣ አላጣነውም። ግን ሳይጠየቅ አይታወቅም።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ሣጥኑን መልሳ ልትቆልፍ ትጠብቀኝ ነበር። «ያን ደብተር አምጣው» አለችኝ። ወረቀት ምስክር ነው ትላለች፤ ምስክር ሊሳሳት እንደሚችል ግን ልነግራት አልፈለግኩም። እስክሪብቶ ተበድሬ፣ «ምንም አልሠራም» ከሚለው ሥር፣ በዚያው ባማረ ጽሕፈት ጻፍኩ፦

«ግራው ውሃ ነበር።»

ቀኑን ጻፍኩበት፣ ፈረምኩበት፣ ሰጠኋት። ቆለፈችው።